«ከሞላ ጎደል» የሚሠራ ሲሜትሪ፦ ፍሌቨርና የከባድ ሜሶኖች ፍርሰት (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ስለ ቢ እና ዲ ሜሶኖች የሚወጡ ውጤቶችን የሚከታተል ሰው «ዩ-ስፒን ተሰበረ»፣ «አይሶስፒን ተጠበቀ» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች ደጋግመው ይገጥሙታል። ነገሩ ለጀማሪ ግራ ያጋባል። ሲሜትሪው ፍጹም እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ግን ሁሉም ይጠቀምበታል። ከታች ያሉት በብዛት የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «ክብደት» ስልም መጠነ ቁስን ማለቴ ነው።

ከባድ ሜሶን ምንድን ነው?

ሜሶን ከአንድ ኳርክና ከአንድ ጸረ-ኳርክ የተሠራ ቅንጣት ነው። ከሁለቱ አንዱ ቻርም ወይም ቦተም ከሆነ ሜሶኑ ከባድ ይባላል። ቻርም ያለበት ዲ ሜሶን ነው፤ ክብደቱ የፕሮቶንን እጥፍ ያህላል። ቦተም ያለበት ቢ ሜሶን ነው፤ እሱ ደግሞ ፕሮቶንን አምስት ጊዜ ተኩል ያህል ይበልጠዋል። ቢ-ኤስ የሚባለው ከቦተሙ ጋር ስትሬንጅ ኳርክ የያዘው ወንድሙ ነው።

ቢ ሜሶን በአማካይ 1.5 ፒኮሰከንድ ይኖራል። ፒኮሰከንድ የሰከንድ ትሪሊዮንኛ ነው። አጭር ይመስላል እንጂ ለመሣሪያዎቹ ይበቃል። ጄኔቭ አጠገብ በሰርን በሚገኘው ኤልኤችሲቢ ሙከራ ውስጥ አንድ ቢ ሜሶን ከመፍረሱ በፊት 1 ሴንቲሜትር ገደማ ይጓዛል።

ቶፕ ኳርክስ? እሱ ሜሶን ለመሥራት እንኳ ጊዜ አያገኝም። ቀድሞ ይፈርሳል።

የፍሌቨር ሲሜትሪ ከየት ይመጣል?

ኳርኮች ስድስት ዓይነት ናቸው፤ ዓይነታቸው ፍሌቨር ይባላል። አፕ፣ ዳውን፣ ስትሬንጅ፣ ቻርም፣ ቦተም፣ ቶፕ። እነሱን አጣብቆ የሚይዘው ጠንካራው ኃይል ፍሌቨር አይለይም። ለእሱ አፕም ሆነ ስትሬንጅ አንድ ነው። ስለዚህ ሁለት ኳርኮች እኩል ክብደት ቢኖራቸው፣ አንዱን በሌላው ብንተካው ጠንካራው ኃይል ልዩነቱን አያውቀውም ነበር። ሲሜትሪው ይኸው ነው።

ችግሩ ክብደታቸው እኩል አይደለም። በሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ሲለካ አፕ 2 ገደማ፣ ዳውን 5 ገደማ፣ ስትሬንጅ 93 ገደማ ነው። ቻርም ወደ 1,270፣ ቦተም ወደ 4,180 ይደርሳል። ግን እነዚህን ቁጥሮች እርስ በርስ ማወዳደር አያስኬድም። መወዳደር ያለባቸው ጠንካራው ኃይል ራሱ ከሚያመጣው የኃይል መጠን ጋር ነው፤ እሱም 300 አካባቢ ነው። ከ300 አንጻር የአፕና የዳውን ልዩነት ከምንም አይቆጠርም። የስትሬንጅ 93 ይታያል፣ ግን አሁንም ያንሳል። ቻርምና ቦተም ከዚህ ጨዋታ ውጭ ናቸው።

ታሪኩ ረጅም ነው። ሃይዘንበርግ በ1932 ፕሮቶንና ኒውትሮን የአንድ ነገር ሁለት መልክ እንደሆኑ አድርጎ ማየት ጀመረ። ክብደታቸው የሚለያየው በ0.14 በመቶ ብቻ ነው። ከዚያ የተነሳው ሲሜትሪ አይሶስፒን ተባለ። በ1961 ሙሬ ጌል-ማንና ዩቫል ኔኤማን፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው፣ ስትሬንጅንም ጨምረው ኤስዩ 3 ወደሚባለው ሲሜትሪ አሰፉት። ይህ ሲሜትሪ ኦሜጋ የሚባል ቅንጣት መኖር እንዳለበት ተነበየ። ቅንጣቱ በ1964 በብሩክሄቨን ተገኘ። የተገኘው ከነክብደቱ በተነገረለት ቦታ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ሲሜትሪውን የናቀው ሰው ጥቂት ነው።

አይሶስፒን፣ ዩ-ስፒን፣ ቪ-ስፒን፦ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሦስቱም የኤስዩ 3 ቁራጮች ናቸው። አይሶስፒን አፕንና ዳውንን ይለዋውጣል። ዩ-ስፒን ዳውንንና ስትሬንጅን ይለዋውጣል። ቪ-ስፒን አፕንና ስትሬንጅን።

አይሶስፒን በጣም ትክክለኛው ነው፤ ስህተቱ በተለምዶ 1 ወይም 2 በመቶ ነው። ዩ-ስፒን በክብደት በኩል ደካማ ቢሆንም አንድ መልካም ነገር አለው። ዳውንና ስትሬንጅ የኤሌክትሪክ ሙላታቸው እኩል ነው፤ ስለዚህ ኤሌክትሮማግኔታዊው ኃይል አይሰብረውም። ቪ-ስፒን ሁለቱንም ፈተና ይወድቃል። ብዙ ሰው የማይነካው ለዚህ ነው።

በሲሜትሪ ከመዞር ይልቅ ፍርሰቱን ቀጥታ ለምን አያሰሉትም?

ቢቻል ማን ይጠላል! ከባዱ ኳርክ የሚፈርሰው በደካማው ኃይል ነው፤ ያንን ክፍል በደንብ እናሰላዋለን። ግን ኳርኮቹ ብቻቸውን አይወጡም። በጠንካራው ኃይል ተጠቅልለው ፓዮንና ካዮን የሚባሉ ቀላል ሜሶኖች (ፓዮን ከአፕና ከዳውን የተሠራ፣ ካዮን ስትሬንጅም ያለበት) ሆነው ነው የሚወጡት። በዚህ ደረጃ ጠንካራው ኃይል ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ በሚሄድ ተከታታይ ስሌት አይገዛም።

ላቲስ የሚባለው የኮምፒውተር ስሌት ብዙ ረድቷል። ቢ ሜሶን ወደ አንድ ሜሶንና ወደ ሌፕቶኖች (ኤሌክትሮንና ዘመዶቹ) ሲፈርስ ውጤቱ ግሩም ነው። ሁለት ሜሶኖች ሲወጡ ግን ነገሩ ይከብዳል። የወጡት እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ ወደ ሌሎች ይቀየራሉ፣ ተመልሰው ይመጣሉ። የቢ ሜሶን ኃይል ደግሞ ለብዙ ዓይነት ልውውጥ በር ይከፍታል።

እዚህ ላይ ነው ሲሜትሪው የሚገባው። የተዛባ ሚዛን ቢኖርህ የአንድን ዕቃ ኪሎ በትክክል አይነግርህም። ሁለት ዕቃ በዚያው ሚዛን ብትመዝንና አንዱ የሌላው ስንት እጥፍ እንደሆነ ብትጠይቅ ግን መዛባቱ ይጣፋል። የጠንካራው ኃይል ስሌት ያ የማናውቀው መዛባት ነው። ሲሜትሪው ደግሞ የትኞቹ ሁለት ፍርሰቶች በአንድ ሚዛን ላይ እንደተቀመጡ ይነግረናል።

በተግባር ምን ይመስላል? አንድ ምሳሌ?

የታወቀው ምሳሌ ቢ ሜሶን ወደ ሁለት ፓዮን ሲፈርስ ነው። ሦስት መንገድ አለ። ገለልተኛው ቢ ወደ አዎንታዊና አሉታዊ ፓዮን ይፈርሳል፤ ወይም ወደ ሁለት ገለልተኛ ፓዮኖች። ሙላት ያለው ቢ ደግሞ ሙላት ወዳለውና ወደ ገለልተኛ ፓዮን ይፈርሳል።

ሁለት ፓዮኖች እዚህ ሊይዙ የሚችሉት አይሶስፒን 0 ወይም 2 ብቻ ነው። ስለዚህ የሦስቱ መንገዶች አምፕሊቱዶች (ካሬያቸው የፍርሰቱን መጠን የሚሰጥ ቁጥሮች) ከሁለት ቁራጭ ብቻ የተሠሩ ናቸው። ሦስት ነገር ከሁለት ቁራጭ ከተሠራ በመካከላቸው ዝምድና መኖሩ ግድ ነው። አምፕሊቱዶቹ ኮምፕሌክስ ቁጥሮች ስለሆኑ ዝምድናው በወረቀት ላይ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይሳላል። ሚካኤል ግሮናውና ዴቪድ ለንደን ይህን በ1990 አሳዩ።

ጥቅሙ ምንድን ነው? ፍርሰቱ በሁለት መንገድ ይካሄዳል። አንዱ ቀጥተኛ ነው። ሌላው ግሉኦን (የጠንካራው ኃይል ተሸካሚ) ባለበት ቀለበት የሚያልፍ ነው፤ የፊዚክስ ሰዎች ፔንግዊን ይሉታል። ሁለቱ ተቀላቅለው ስለሚመጡ የቅንጣትንና የጸረ-ቅንጣትን ልዩነት ከሚገልጹት ማዕዘኖች አንዱን፣ አልፋ የሚባለውን፣ በንጹህ መልክ ማንበብ አይቻልም። ግን ግሉኦን የሚያመጣው ፔንግዊን የሚገባው በአይሶስፒን 0 ብቻ ነው። ሦስት ማዕዘኑ ተሳለ ማለት ፔንግዊኑ ተነጠለ ማለት ነው። ዛሬ አልፋ 85 ዲግሪ አካባቢ መሆኑ ይታወቃል፤ ለዚያም ይህ ዘዴና ተመሳሳይ ዘመዶቹ ትልቅ ድርሻ አላቸው።

ያለ ጣጣ ግን አይደለም። ሦስት ማዕዘኑ ወዴት እንደሚታጠፍ ሲሜትሪው አይነግርም፤ ስለዚህ እስከ 8 የሚደርስ መልስ ይወጣል። ሁለት ገለልተኛ ፓዮኖችን መለካትም ራስ ምታት ነው። እያንዳንዳቸው ወደ ሁለት ፎቶን ይቀየራሉ፤ ፎቶን ደግሞ ዱካ አይተውም።

ዩ-ስፒንስ? ስትሬንጅ ከዳውን 20 ጊዜ ያህል እየከበደ እንዴት ይታመናል?

ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ በቁጥር ቢሆን ይሻላል።

ገለልተኛው ቢ ሜሶን ወደ አዎንታዊ ካዮንና አሉታዊ ፓዮን ይፈርሳል። እዚህ ላይ ዳውንን ሁሉ በስትሬንጅ፣ ስትሬንጅን ሁሉ በዳውን ተካ። የምታገኘው ቢ-ኤስ ወደ አሉታዊ ካዮንና አዎንታዊ ፓዮን ሲፈርስ ነው። ሁለቱ ፍርሰቶች የዩ-ስፒን ጥንድ ናቸው።

በሁለቱም ውስጥ ቅንጣቱና ጸረ-ቅንጣቱ እኩል አይፈርሱም። ይህ የሲፒ ልዩነት ይባላል። ኮባያሺና ማስካዋ በ1973 ባቀረቡት የሲፒ ልዩነት ማብራሪያ መሠረት፣ ዩ-ስፒን ፍጹም ቢሆን፣ በሁለቱ ጥንዶች የሚታየው የፍርሰት መጠን ልዩነት እኩል ሆኖ ምልክቱ ተቃራኒ መሆን አለበት። ቢ-ኤስ በዚህ መንገድ የሚፈርሰው 3.4 ጊዜ ያህል አንሶ ነው። ያው ልዩነት ለትንሽ ቁጥር ሲካፈል ትልቅ መቶኛ ይሰጣል። የቢ ልዩነት አሉታዊ 8 በመቶ ተኩል ገደማ ነው፤ ስለዚህ የቢ-ኤስ አዎንታዊ 28 በመቶ ገደማ ይጠበቃል።

ኤልኤችሲቢ በ2013 ለካው። ያኔ 27 በመቶ ወጣ። በቢ-ኤስ ውስጥ የሲፒ ልዩነት በግልጽ ሲታይ ያ የመጀመሪያው ነበር። በኋላ ብዙ መረጃ ሲጨመር ቁጥሩ ወደ 22 በመቶ ወርዷል። ምልክቱ እንደተነገረው ተቃራኒ ነው። መጠኑም ከተጠበቀው በ20 በመቶ ገደማ ቢያንስ ነው። ከእንዲህ ያለ ሻካራ ሲሜትሪ ይህን ያህል መውጣቱ ለእኔ አሁንም ያስደንቀኛል።

ስለዚህ ስብራቱ «20 በመቶ» ነው ብዬ ልያዘው?

እንደ መነሻ ያዘው። እንደ ሕግ አትያዘው።

ግምቱ የሚመጣው ከሁለት በኩል ነው። አንዱ ያ 93 ለ300 የሚለው ንጽጽር ነው፤ 30 በመቶ ይሰጣል። ሁለተኛው በቀጥታ የተለካ ነገር ነው። የካዮንና የፓዮን የፍርሰት ቋሚ የሚባሉት ቁጥሮች (በሜሶኑ ውስጥ ያሉት ኳርክና ጸረ-ኳርክ ተገናኝተው የመጥፋት ዝንባሌያቸውን የሚለኩ) ሲካፈሉ 1.19 ገደማ ይሆናሉ። የቢ-ኤስና የቢም በላቲስ ሲሰላ 1.2 ገደማ ነው። ስለዚህ ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚለው ወሬ ከባዶ የመጣ አይደለም።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ይህ መጠን የአምፕሊቱዱ ነው። የምንለካው የፍርሰት መጠን ደግሞ የአምፕሊቱዱ ካሬ ነው። በአምፕሊቱድ 20 በመቶ ያህል የሆነ ስብራት በልኬቱ ላይ 40 በመቶ ሆኖ ይታያል። ሁለት አምፕሊቱዶች በተቃራኒ አቅጣጫ ከተዛቡ ደግሞ ይብሳል።

ታዲያ ዲ ሜሶን ወደ ካዮኖች ከፓዮኖች ሦስት እጥፍ ገደማ ለምን ይፈርሳል?

የቻርም ትልቁ አቤቱታ ይህ ነው። ገለልተኛው ዲ ሙላት ወዳላቸው ሁለት ካዮኖች 0.41 በመቶ ጊዜ ይፈርሳል። ሙላት ወዳላቸው ሁለት ፓዮኖች 0.145 በመቶ ጊዜ። ጥምርታው 2.8 ነው። ዩ-ስፒን እኩል ናቸው ይላል። እንደውም ካዮኖች ስለሚከብዱ የሚቀራቸው ኃይል ያንሳል፤ በመጠኑ ማነስ የነበረባቸው እነሱ ናቸው።

ብዙዎች ይህን አይተው «ሲሜትሪው በቻርም ሞቷል» ብለው ደምድመዋል። እኔ ቸኮሉ ባይ ነኝ። የካሬ ሥሩን አውጣ፦ የአምፕሊቱዶቹ ጥምርታ 1.7 ገደማ ነው። የተረፈውን ኃይል ስታስተካክል 1.8 ይጠጋል። አሁን የመጀመሪያው ደረጃ ስብራት (ከስብራቱ መጠን ጋር ቀጥታ የሚሄደው ዋናው ክፍል) አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ እንደሚያደርግ አስታውስ። 1.28ን ለ0.72 አካፍል። 1.8 ገደማ ነው። ማለትም ያ አስፈሪ 2.8 ከ30 በመቶ ባልዘለለ ስብራት ይወጣል።

ሌላም ማስረጃ አለ። ሁለቱን አምፕሊቱዶች ደምረህ፣ ከካዮንና ፓዮን ጥንዶች አምፕሊቱዶች ድምር ጋር፣ የካቢቦ ማዕዘንን (ደካማው ኃይል ዳውንንና ስትሬንጅን ምን ያህል እንደሚቀላቅል የሚለካውን) ድርሻ አውጥተህ ብታወዳድር፣ በጥቂት በመቶ ልዩነት ይገጥማሉ። ከፍ ያለውና ዝቅ ያለው ተጣፍተዋል። የሞተ ሲሜትሪ እንዲህ አያደርግም።

በ2019 በቻርም የታየው የሲፒ ልዩነት አዲስ ፊዚክስ ነው?

በ2019 ኤልኤችሲቢ የሲፒ ልዩነት በቻርም መኖሩን አሳወቀ። የተለካው የካዮን ጥንዱና የፓዮን ጥንዱ ልዩነቶች ሲቀናነሱ የሚገኘው ቁጥር ነው፤ ከ10,000 አሉታዊ 15.4 ሆነ። እርግጠኝነቱ ከ5 ሲግማ በላይ ነበር፤ ማለትም ከልኬቱ ስህተት ከአምስት እጥፍ በላይ።

ክርክሩ የጦፈው ግን በ2022 ነው። ሁለቱ ልዩነቶች ለየብቻ ሲወጡ የካዮኑ ከ10,000 ወደ 7.7፣ የፓዮኑ ወደ 23 ሆነ። የየአንዳንዳቸው ስህተት 6 ገደማ ነው። ዩ-ስፒን እኩል መጠንና ተቃራኒ ምልክት ነበር የሚጠብቀው። ሁለቱም አዎንታዊ ሆነው ብቅ አሉ።

«አዲስ ፊዚክስ!» የሚል ጩኸት ወዲያው ተነሳ። የካዮኑን ቁጥር ከስህተቱ ጋር እየው። ከዜሮ ብዙም አይርቅም፤ አሉታዊ የመሆን ዕድሉም አልተዘጋም። ሁለተኛ፣ በሲፒ ልዩነት ውስጥ የሚገባው ትንሹ አምፕሊቱድ ነው። እሱ እንዴት እንደሚሰበር ከፍርሰቱ መጠን ብቻ አይታወቅም። ቁጥሮቹ በዚሁ ከጸኑ ስብራቱ ከተለመደው በጣም ይበልጣል፤ ያኔ ጥያቄው ከባድ ይሆናል። እስከዚያ ግን «ዩ-ስፒን ተሰበረ» ማለት ዜና አይደለም። ሁሌም የተሰበረ ነው። ዜናው ስንት ያህል የሚለው ነው።

የካዮንና ፓዮን እንቆቅልሽ የሚባለውስ?

ባጭሩ፦ ገለልተኛው ቢ ወደ ካዮንና ፓዮን ሲፈርስ የሲፒ ልዩነቱ አሉታዊ 8 በመቶ ገደማ ነው። ሙላት ያለው ቢ ወደ ካዮንና ወደ ገለልተኛ ፓዮን ሲፈርስ አዎንታዊ 3 በመቶ ገደማ ነው። ብዙዎች እኩል ይሆናሉ ብለው ጠብቀው ነበር።

ይህ ግምት ግን ከአይሶስፒን ብቻ አይወጣም። አንዳንድ ክፍሎች ትንሽ ናቸው የሚል ተጨማሪ እምነት አለበት። ንጹሁ ፈተና አራቱን ፍርሰቶች በአንድ ላይ የሚያስረው የአይሶስፒን ድምር ሕግ ነው። ከአራቱ አስቸጋሪው ገለልተኛ ካዮንና ገለልተኛ ፓዮን የሚወጡበት ነው፤ እሱን በጃፓን ያለው ቤል 2 የተባለው ሙከራ እየለካው ነው። እስካሁን ድምሩ ከዜሮ ጋር ይስማማል፤ ስህተቱ ግን ሰፊ ነው።

ስብራቱን መቆጣጠር ይቻላል ወይስ መገመት ብቻ ነው?

ይቻላል። ሁለት መንገድ አለ፤ ሁለቱም ያምራሉ።

አንደኛው የመጀመሪያው ደረጃ ስብራት የሚጣፋባቸውን ጥምረቶች መፈለግ ነው። አዴሞሎና ጋቶ በ1964 ለአንዳንድ መጠኖች ስብራቱ የሚጀምረው ከሁለተኛው ደረጃ እንደሆነ አሳዩ። 30 በመቶ ካሬው 9 በመቶ ነው። ከላይ ያየነው የዲ ሜሶን ድምር የዚሁ መንፈስ ነው።

ሁለተኛው ሲሜትሪውን ለትንሽ ነገር ብቻ መጠቀም ነው። ቤታ የሚባለው የአልፋ ወንድም ማዕዘን የሚለካው ቢ ሜሶን ወደ ጄ/ፕሳይ (ቻርምና ጸረ-ቻርም የያዘ ሜሶን) እና ካዮን ሲፈርስ ነው። እዚያ ፔንግዊኑ ያለው ድርሻ በጣም ትንሽ ነው፤ ግን ልኬቱ እየተሻለ ሲሄድ ያም ይቆጠራል። የዩ-ስፒን ጥንዱ ቢ-ኤስ ወደ ጄ/ፕሳይና ካዮን የሚፈርስበት ነው። በዚያ ጥንድ ውስጥ ያው ፔንግዊን በንጽጽር 20 ጊዜ ያህል ጎልቶ ይወጣል። እዚያ ለክተህ ወደ መጀመሪያው ታመጣዋለህ። ሲሜትሪው በ30 በመቶ ቢሳሳት፣ የተሳሳተው የትንሽ እርማት 30 በመቶ ነው። ዋናው ቁጥር ምንም አይሆንም። ሲሜትሪን ልጠቀም ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ብልሃት አላውቅም፤ ዋናውን ነገር በልኬት፣ እርማቱን ብቻ በሲሜትሪ።

የከባድ ኳርክ ሲሜትሪ የሚባለውም ይኸው ነው?

አይደለም። ያኛው የሚሠራው ኳርኩ ቀላል ስለሆነ ሳይሆን በጣም ከባድ ስለሆነ ነው። ከባዱ ኳርክ መሀል ቁጭ ብሎ ሲቀር በዙሪያው ያለው ቀላል ክፍል ቦተም ይሁን ቻርም አይገደውም። ኢስገርና ዋይዝ በ1980ዎቹ መጨረሻ ያዳበሩት ነው። ስብራቱም የሚለካው ያንን 300 ለከባዱ ኳርክ ክብደት በማካፈል ነው፤ ክብደቱ ሲጨምር ስብራቱ ይቀንሳል። ማስረጃው ቀላል ነው። ስፒናቸው (የውስጥ ሽክርክራቸው) በተለያየ ሁለት የዲ ሜሶን ዓይነቶች መካከል ያለው የክብደት ልዩነት 141 ገደማ ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። በቢ 45 ገደማ። ጥምርታው 3.1 ነው። የቦተምና የቻርም ክብደት ጥምርታ ደግሞ 3.3።

ሁለቱ ሲሜትሪዎች አብረው ይሠራሉ እንጂ አይጋጩም።

ተማሪ ነኝ። ይህን ለመከታተል ምን ያስፈልገኛል?

ሊኒየር አልጄብራ፣ የኳንተም መካኒክስ የስፒን አደማመር፣ ከዚያ ትንሽ የግሩፕ ንድፈ ሐሳብ። ስፒን መደመር ከቻልክ አይሶስፒንን ችለሃል፤ ሒሳቡ ያው ነው። ዩ-ስፒንም እንደዚሁ። መላውን ኤስዩ 3 ለኋላ ተወው።

መጀመሪያ የፓዮኖቹን ሦስት ማዕዘን ራስህ አውጣ። የአዎንታዊና አሉታዊ ፓዮን አምፕሊቱድን ለ2 ካሬ ሥር አካፍለህ የሁለቱን ገለልተኞች ስትደምርበት፣ የሙላት ያለውንና የገለልተኛውን ፓዮን አምፕሊቱድ ማግኘት አለብህ። ምልክት ላይ ተጠንቀቅ። መጻሕፍት የፓዮንን ምልክት በተለያየ መንገድ ይመርጣሉ፤ ከሁለት መጽሐፍ ቀላቅለህ ከሠራህ ሦስት ማዕዘኑ አይዘጋም።